ኪሴ ውስጥ የጨሱት ሁለት ድንጋዮች

ቀኝ መዳፌ ላይ ስላለው ጠባሳ ነቀምቴ ውስጥ ሁለት ታሪክ ይወራል። መናኸሪያው ጀርባ ያሉ ነጋዴዎች ከሚቃጠል ቤት ሰው ሳወጣ እንደተለበለብኩ ያወራሉ። የሰፈሬ ሰዎች ደግሞ የመብራት ገመድ ስጠግን ኤሌክትሪክ እንደያዘኝ ይናገራሉ። ሁለቱንም የፈጠርኩት እኔ አይደለሁም። ነገር ግን ለወራት ሲወራ እየሰማሁ «አይደለም» አላልኩም፤ ሰው ሲያሞግሰኝ ጆሮዬ ይደክማል። ዛሬ የምጽፈው እውነተኛውን ነው። እውነተኛው ታሪክ ስለ አንድ የኮት ኪስ ስለሆነ፣ ጀግንነት ፈልጋችሁ የጀመራችሁት እዚህ ላይ ብትተዉት አልቀየምም።

ስሜ አሰፋ ነው፤ እዚህ አገር ኦቦ አሰፋ ይሉኛል። የተወለድኩት ወሎ ነው። በድርቁ ጊዜ የሰባት ዓመት ልጅ ሆኜ ከወላጆቼ ጋር በሠፈራ ወደ ወለጋ መጣሁ። ትምህርቴ አምስተኛ ክፍል ላይ ቆመ፤ ከዚያ ወዲያ ያስተማሩኝ የተበላሹ ሬዲዮኖች ናቸው። እየፈታሁ፣ እያበላሸሁ፣ መልሼ እየገጠምኩ ተማርኩ። አሁን መናኸሪያው አጠገብ ትንሽ ሱቅ አለችኝ። ሬዲዮ፣ የእጅ ባትሪ፣ የሶላር መብራትና ሞባይል እጠግናለሁ።

ስለ አባቴ አንድ ነገር ካልነገርኳችሁ የቀረው አይገባችሁም። በሠፈራው መንደር ሬዲዮ ከነበራቸው ጥቂት ሰዎች አንዱ እሱ ነበር። የባትሪ ድንጋይ ውድ ነበር፣ ለማግኘትም አስቸጋሪ። ስለዚህ አባቴ ዜናውን ሰምቶ ሲጨርስ የሬዲዮውን ሆድ ይከፍትና ድንጋዮቹን አውጥቶ ኪሱ ይከታቸዋል። እርሻ ሲሄድም፣ ለቅሶ ሲሄድም አብረውት ይሄዳሉ። ሬዲዮው እቤት ይቀመጣል፣ ነፍሱ ግን ከአባቴ ጋር ይዞራል። እኔ የአባትን ሥልጣን የተማርኩት በዚህ ነው፤ ዕቃውን ለልጆች ተውላቸው፣ ድንጋዩን ኪስህ ክተት።

በቤቴ መጠጥ፣ ጫትና ጭስ አይገቡም። ደንቡን ያወጣሁት እኔ ነኝ፤ አስተያየቱን የጠየቅሁት ሰውም የለም። የበኩር ልጄ ይርጋ በሃያ ዓመቱ ሲጋራ መጀመሩን የሰማሁ ዕለት «ሲጋራ ይዘህ በደጄ እንዳትገባ» አልኩት። እሱም እንደ እኔ ግትር ነውና ሲጋራውን ይዞ ቢላ ወደምትባለው ከተማ ወረደ፤ እዚያ ጋራዥ ተቀጠረ። አምስት ዓመት ቆየ። እናቱ እታገኝ በስልክ ታናግረው ነበር። እኔ እንደማላውቅ እሆናለሁ፣ እሷም አለማወቄን ያመነች ትመስላለች፤ እንዲህ ሆነን ተስማምተን ኖርን።

ከዚያ አንድ ቀን ሻንጣውን ይዞ መጣ። ከስቶ ነበር። «አባባ፣ ሲጋራ ትቻለሁ» አለኝ። ጠጋ ብዬ ልብሱን አሸተትኩ። እውነቱን ነበር።

እንግዲህ ከዚያ ቀን ጀምሮ ያልነገርኩት ሰው አልነበረም። እድር ላይ፣ ቤተ ክርስቲያን ደጅ፣ ሱቄ ውስጥ፣ ሞባይል ሊያሠራ የመጣ ሁሉ ሳይጠይቀኝ ሰምቷል። «አባት ሲጠብቅ ልጅ ይመለሳል» እል ነበር። ይርጋ ይህን ስናገር አጠገቤ ካለ መሬት መሬቱን ያያል። ትሕትና ይመስለኝ ነበር።

አኖ ወደምትባለው ከተማ የወሰደኝም ይኸው ስብከቴ ነው። ጡረታ የወጣ መምህር ወዳጅ አለኝ፤ ኦቦ ዱጋሳ ይባላል፤ ቀልደኛ ነው። አኖ ውስጥ ኦቦ ጉተማ የሚባል ገበሬ ለሚ የተባለውን ጎልማሳ ልጁን በመጠጥና በሲጋራ ምክንያት ከቤት ካባረረው ዓመት አልፎት ነበር። ልጁ ሽማግሌ ልኮ ይቅርታ ጠየቀ። ዱጋሳም «ያንተ ልጅ ተመልሶልሃል፤ አብረን ሄደን ለአባትየው ንገርለት» አለኝ። እሱ አባትየውን እንዳለዝብ ነበር የፈለገው። እኔ ልጁን ለመገሠጽ ተዘጋጀሁ።

የሽምግልናው ቀን ጠዋት፣ ከመውጣቴ በፊት የባትሪ መለኪያዬን ቴስተሬን ፈለግሁ። ይርጋ ማታ ወስዶት ስለነበር ምስማር ላይ የተሰቀለውን ጃኬቱን ዳሰስኩ። እጄ የገባው ግን ሌላ ነገር ነው። የእጅ መዳፍ የምታህል የብረት ሣጥን፣ ፊቷ ላይ ትንሽ ስክሪን፣ ጫፏ ላይ እንደ ፊሽካ የሚነፋ አፍ። አሸተትኳት። ከረሜላ ከረሜላ ትላለች።

ይርጋ ከጓሮ ሲገባ ይዣት ቆሜያለሁ። ቬፕ እንደምትባል ነገረኝ። ሲጋራ አለመሆኗን ሊያስረዳኝ ሞከረ።

«ጭስ ይወጣታል?» አልኩት።

«እንፋሎት ነው አባባ።»

«ከአፍህ ይወጣል?»

«ይወጣል።»

«እንግዲያው ጭስ ነው።»

እታገኝ ከበሩ ወዲያ ሆና ትሰማለች። ይርጋ ድምፁን ሳያነሣ ተናገረ። ሲጋራውን ያስተወው ይህችው ዕቃ መሆኗን፣ ቢላ እያለ ሦስት ጊዜ ሞክሮ ሦስት ጊዜ መመለሱን፣ ይህችን ከያዘ ግን አራት ወር ሙሉ አንድ ሲጋራ እንዳልነካ ነገረኝ። ዕቃዋ ተራ እንዳልሆነችም ጨመረ፤ ውስጧ መቆጣጠሪያ አለ፣ ድንጋዩ ሲደክም ትናገራለች፣ ነገር ሲበላሽ በራሷ ትጠፋለች።

«ራሷን መቆጣጠር ከቻለች ካንተ ትሻላለች» አልኩት።

ከንፈሩን ነከሰ። ይህን ስጽፍ ያፈርኩበት የመጀመሪያው ቦታ ይህ ነው፤ ገና ሌላም አለ።

የሣጥኗን ሆድ ከፈትኩት። ሁለት ድንጋዮች ጎን ለጎን ተኝተዋል፤ ከላፕቶፕ ባትሪ ውስጥ እንደሚወጡት ያሉ፣ ከተለመደው የእጅ ባትሪ ድንጋይ ቀጠንና ረዘም ያሉ፣ ሰማያዊ ላስቲክ የለበሱ። አወጣኋቸውና ኮቴ ቀኝ ኪስ ከተትኳቸው። ባዶውን ሣጥን እጁ ላይ አስቀመጥኩለት።

ይርጋ አልተቆጣም። «ይያዟቸው አባባ፤ ግን እንዲያው ኪስ ውስጥ አይክተቷቸው። የአንዱ ላስቲክ አናቱ ላይ ተቀዷል» አለኝ።

«አንተ ሳትወለድ ጀምሮ ድንጋይ ኪሴ ውስጥ አለ» ብዬው ወጣሁ።

እዚህ ላይ የማውቀውን ልንገራችሁ፤ ያን ጊዜም አውቀው ነበርና። የአባቴ ዘመን ድንጋይ ታጋሽ ነው። ከቁልፍም ከሳንቲምም ጋር ብትከተው ቢበዛ ይደክማል እንጂ አይቆጣም። የዛሬው ሊቲየም ግን እንደዚያ አይደለም። አካሉ በሙሉ ኔጌቲቭ ነው፤ ፖዘቲቩ አናቱ ላይ ያለችው ክብ ብቻ ናት። ሁለቱን የሚለያቸው እንደ ወረቀት የሳሳ ላስቲክ ነው። ላስቲኩ አናቱ ላይ ከተቀደደና አንድ ብረት ሁለቱን ካገናኛቸው፣ በውስጡ ያለው ኃይል ሁሉ ባንድ ጊዜ ይወጣል። ይህን ለደንበኞቼ ስመክር ኖሬአለሁ። ያን ጠዋት ግን ጠጋኝ አልነበርኩም፤ አባት ነበርኩ።

ወደ አኖ በሚወስደን ሚኒባስ ውስጥ ምንም አልሆነም። የሱቄ ቁልፎች በግራ ኪሴ ነበሩ። ዱጋሳ መንገዱን ሙሉ ሲያወራ እኔ የምናገረውን በልቤ አሰናዳለሁ።

አኖ ስንደርስ ኦቦ ጉተማ ከግቢው በር ድረስ ወጥቶ «አካም ጅርቱ» እያለ ተቀበለን። አጭር፣ ጠንካራ፣ ዓይኑ የማይስቅ ሰው ነው። ዋንዛ ዛፍ ሥር ወንበር ተሰናድቷል፤ የመንደሩ ሽማግሌዎችም ተቀምጠዋል። ለሚ ከሩቅ፣ ከጭድ ክምሩ አጠገብ፣ እጁን አጣምሮ ቆሟል። አባቱ አንድ ጊዜም ወደዚያ አላየም። ብርቱካን ቀረበልን። ቁልፌ ላይ የተንጠለጠለች ትንሽ ቢላ አለችኝ፤ ከግራ ኪሴ አውጥቼ ብርቱካኔን ላጥኩባት። ስጨርስ ግራ እጄ ላይ ልጣጩ ነበረ። ስለዚህ ቁልፉን በቀኝ እጄ፣ ለቀኝ እጅ በሚቀርበው ኪስ ከተትኩት።

ይኸው ነው። ትልቅ ነገር አልሠራሁም። ብርቱካን ነው የበላሁት።

ዱጋሳ ነገሩን ከፈተ። በኦሮምኛ መረቀ፣ ቀለደ፣ የሁለቱን ዘመዶች አነሣ። ከዚያ ተራው የእኔ ሆነ። ዱላዬን ተደግፌ ተነሣሁ። መናገር ስጀምር ለሚን ነበር የማየው። ስለ ጭስ ተናገርኩ። ጭስ መጀመሪያ አፍ ውስጥ ይገባል አልኩ፣ ቀጥሎ ኪስ ውስጥ ይገባል፣ በመጨረሻ ቤት ያፈርሳል። የራሴን ልጅ ምሳሌ አደረግሁ። «እኔ ቤት ጭስ የለም» አልኩ። በጠዋት ያየሁትን እያወቅሁ ነው ያልኩት። ያፈርኩበት ሁለተኛው ቦታ ይህ ነው።

ቀኝ ጎኔን ሲሞቀኝ ፀሐዩ መሰለኝ። ቀጥሎ የንግግሬ ግለት መሰለኝ። እውነት ነው የምላችሁ፣ መንፈስ የነካኝም መስሎኝ ነበር። አኖ ውስጥ ታሪኩን የሚያወሩ «ልክ ጭስ የለም ሲል ጨሰ» ይላሉ። ማጋነን ነው፤ ከዚያ ሁለት ዓረፍተ ነገር በኋላ ነው።

መጀመሪያ ፉጨት ሰማሁ፤ እባብ የመሰለ ድምፅ ከኪሴ። ከዚያ ነጭ ጭስ፣ የሚያፍን፣ ጉሮሮ የሚቧጥጥ። ሳላስብ እጄን ኪሴ ውስጥ ከተትኩ። ሰው ኪሱ ሲቃጠል የሚያደርገው ይህንኑ ነው፤ ኪሱ ውስጥ ያለው የራሱ ስለሚመስለው። የያዝኩትን ነገር መልቀቅ አቃተኝ፤ ቆዳዬ ላይ ተጣብቋል። ጭኔ ደግሞ ከሱሪው ሥር ይበስላል።

ሽማግሌዎቹ ሁሉ ደርቀው ቀሩ። ያልደረቀው ለሚ ብቻ ነው። ከጭዱ ሥር ተወርውሮ መጣና ከኋላዬ ኮቱን በሁለት እጁ ይዞ እንደ በግ ቆዳ ገፈፈኝ፤ እጄም ከድንጋዩ ተላቀቀ። ወረወረው። ኮቱ አየር ላይ እያለ ሁለተኛው ድንጋይ እንደ ርችት ተኮሰና ተስፈንጥሮ ጭዱ ሥር ወደቀ።

«ማል ታኤ፣ ማል ታኤ» ይላል ጉተማ፤ ምን ሆነ ማለቱ ነው። ጭዱ መያያዝ ሲጀምር ግን መጠየቁን ትቶ ሮጠ። ለሚ በአካፋ አፈር ይበትናል። ጉተማ የረጠበ ጆንያ ይዞ ይመታል። «በዚህ በኩል፣ በዚህ በኩል» ይላል አባትየው፤ «ይተዉት ለእኔ፣ ልብስዎ ይያያዛል» ይላል ልጁ። የዓመት መኖ ነው። አንድ ጥጉ ተቃጥሎ የቀረው ተረፈ።

ሲጨርሱ ሁለቱም ጠቁረው፣ እያለከለኩ፣ ጎን ለጎን ቆመዋል። ጉተማ ልጁን አየው። ቀጥሎ እኔን አየኝ፤ በሸሚዝ ቀርቼ፣ እጄን ባልዲ ውስጥ ነክሬ፣ ዱላዬ ወድቆ። መጀመሪያ ትከሻው ተንቀጠቀጠ። የሚያለቅስ መስሎኝ ነበር። ለካ ሊስቅ ኖሯል። ለሚም ሳቀ። ሁለቱ ተያይዘው ሳቁ፣ መቆም አቃታቸው። በሽምግልና ዘመኔ ሁሉ እንደዚያ ያለ ዕርቅ አላየሁም። አንድ ቃልም አላዋጣሁበትም።

ዱጋሳ ጠጋ ብሎ «ኪስህ ውስጥ ምን ነበር?» አለኝ።

«የሞባይል ባትሪ» አልኩት፣ ሁሉም እንዲሰማ አድርጌ።

ይህ ሦስተኛው ነው።

ለሚ ራሱ በባጃጅ ጤና ጣቢያ አደረሰኝ። ቁስሉ ታጠበ፣ ቅባት ተቀባ፣ በፋሻ ተጠቀለለ። ነርሷ እንዲህ ያለ ባትሪ ፊት አጠገብ ቢፈነዳ ኖሮ ዓይን ይዞ ይሄድ እንደነበር ነገረችኝ። ራሴን ነቀነቅሁ። ገና አልገባኝም ነበር።

ለሚ የተቃጠለውን ኮቴን በፌስታል አድርጎ ሰጠኝ። ስንለያይ ዝቅ ብሎ «አባባ፣ እኔ መጠጡን ትቻለሁ፤ ሲጋራውን ግን እየታገልኩ ነው። አልዋሽዎትም» አለኝ። ልገሥጸው ወደ አኖ የሄድኩት ልጅ እሱ ነው።

ፀሐይ ሳትጠልቅ ነቀምቴ ገባሁ። እታገኝ ፋሻዬን አይታ ደነገጠች። ምን እንደሆንኩ ስነግራት ለሷ አልዋሸሁም፤ ለሷ ብዋሽም አታምነኝም። ይርጋስ ስላት፣ ከሰዓት በፊት እንደወጣ ነገረችኝ።

«ባዶ ሣጥን ሰጥተኸው ምን ያድርግ? ሲጋራ እንደሆነ በየሱቁ ሞልቷል» አለችኝ።

የወሰድኩበት ምን እንደሆነ ያን ጊዜ ገባኝ። ድንጋዩን ይዤ ስሄድ ጭሱን ከቤቴ ያስወጣሁ መስሎኝ ነበር። ያስወጣሁት ልጄን ነው።

ይርጋ ሲገባ ገና ከበሩ ሸተተኝ። አምስት ዓመት የምጠላው ሽታ። እሱም መሽተቱን አውቆ ቀደመኝ፤ «ሁለት አጨስኩ» አለ። እጄን ሲያይ ግን ንግግሩ ተቋረጠ። ነገርኩት። «ብዬዎት ነበር» ይላል ብዬ ጠበቅሁ። አላለም። ድንጋዮቹ የት እንዳሉ ብቻ ጠየቀኝ። አንደኛው ኮቱ ውስጥ ተጣብቆ ነበር። እሱ ፈልቅቆ አወጣው፣ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠው።

ላስቲኩ ቀልጦ ወርዷል። ራቁቱን የቀረው ቆርቆሮ ላይ፣ ታች በኩል፣ በጥፍር ቀለም የተነጠበች ቀይ ነጥብ አለች።

ያችን ነጥብ ማን እንደሚያደርግ አውቃለሁ። እኔ ነኝ።

ሥራዬን ልንገራችሁ። የሞቱ የላፕቶፕ ባትሪዎችን እገዛለሁ። ስከፍታቸው ውስጣቸው ስድስት ድንጋይ ቢኖር ሁለቱ ወይ ሦስቱ ገና ነፍስ አላቸው። ደህናዎቹን ለይቼ ቀይ ነጥብ አደርግባቸዋለሁ፤ ከዚያ አዲስ ሰማያዊ ላስቲክ አለብሳቸውና ለእጅ ባትሪ እሸጣቸዋለሁ። ላስቲኩ ከአዲስ አበባ ሲመጣ ድንጋዩ ይይዛል የሚባለው ኃይል በትልቅ ቁጥር ታትሞበት ነው፤ በዚያ ቁመት ያለ ድንጋይ በፍጹም ሊይዝ የማይችለው ቁጥር። እኔ አንድም ቀን ቁጥሩን ለደንበኛ ጮክ ብዬ አንብቤ አላውቅም። ለዓመታት ራሴን ያጽናናሁት በዚህ ነበር፤ እኔ አልዋሸሁም፣ የዋሸው ላስቲኩ ነው።

«ከየት ገዛኸው?» አልኩት፣ መልሱን እያወቅሁ።

«ከእርስዎ ሱቅ። ጓደኛዬን ልኬ ነው ያስገዛሁት። ነቀምቴ ውስጥ የሚታመን ድንጋይ ያንቱ ነው ሲሉ ሰምቼ።»

ገበሬ በእጅ ባትሪው ከብቱን ቢፈልግበት ያ ድንጋይ ምንም አይሆንም፤ የሚጠየቀው ጥቂት ነው። ይህች የልጄ ሣጥን ግን ባንድ ትንፋሽ ብዙ ትስባለች። አርጅቶ የደከመ ድንጋይ ከሌላ ከማያውቀው ድንጋይ ጋር አጣምሮ እንደዚያ ማስገደድ፣ ሽማግሌና ጎረምሳ በሬ ባንድ ቀንበር ጠምዶ ዳገት ማሳረስ ነው። ኃይሉ ሲበዛ መቆጣጠሪያው ሣጥኗን ሊያጠፋት ይችላል፤ ድንጋዩ በውስጡ ሲታመም ግን ምን ያደርጋል? ልጄ አራት ወር ሙሉ የእኔን ሥራ ከዓይኑ አንድ ስንዝር ርቀት ላይ አድርጎ ኖሯል። የነርሷ ቃል ያኔ ደረሰኝ።

በማግሥቱ ጠዋት ሱቅ አልከፈትኩም። ይርጋን ጠርቼ አጠገቤ አስቀመጥኩት።

ምርጫዬ ሁለት ብቻ ነበር። ወይ ባዶ ሣጥኑን ይዞ ወደ ሲጋራው ይመለሳል፤ ወይ እኔ፣ በቤቴ ጭስ የከለከልኩት ሰው፣ ለጭሱ የሚሆን ድንጋይ እመርጣለሁ። ቬፕ መሸጥ በሕግ እንደተከለከለ አውቃለሁ። ለሳንባ ይጠቅማል ብዬም አላምንም፤ እናንተም ይህን አንብባችሁ እንዳትጀምሩ። ግን ልጄ ዳገት ላይ ነው፤ የያዘው ምርኩዝ ጠማማ ነው ብዬ ብቀማው የሚወድቀው እሱ ነው።

እጄ ስለታሰረ ቴስተር መያዝ አልቻልኩም። ስለዚህ እኔ እናገራለሁ፣ እሱ ይሠራል። መሳቢያዬ ውስጥ ያሉትን ሰማያዊ ለባሾች አንድ በአንድ ለካቸው። ለእጅ ባትሪ የሚሆኑ ነበሩ፤ ለሱ የሚሆን አንድም አልነበረም። በስልኩ ፋብሪካዎች ስለ ድንጋዮቻቸው የሚያወጡትን ወረቀት ፈለገ። የእንግሊዝኛውን ቃል እሱ ያነባል፣ ምን ማለት እንደሆነ እኔ እነግረዋለሁ። ሰው የሚያየው ድንጋዩ ምን ያህል ይይዛል የሚለውን ትልቅ ቁጥር ነው። ለሱ ሣጥን ግን ዋናው ባንድ ጊዜ ሳይሞቅ ስንት አምፔር መስጠት ይችላል የሚለው ነው። ብዙ የሚይዘው ብዙ ጊዜ ቀስ ብሎ ነው የሚሰጠው። «እንደ እርስዎ ማለት ነው» አለኝ። ከመጣ ጀምሮ ሲቀልድብኝ የመጀመሪያው ነበር።

አዲስ አበባ የድሪል ማሽን ባትሪ ለሚጠግኑ ሰዎች ዕቃ የሚያቀርብ አንድ ነጋዴ አውቃለሁ። ድሪል ብዙ አምፔር ስለሚስብ ድንጋዩም ለዚያ የተሠራ ነው። ደወልኩለት፣ ስድስት አዲስ በአውቶቡስ ላከልኝ። እስኪደርስ ሦስት ቀን ወሰደ። ሦስቱንም ቀን ይርጋ ወጣ ይላል፣ ይመለሳል፣ ይሸታል። አልጠየቅሁትም። በጩኸት ያልቻልኩትን በሦስት ቀን ዝምታ እችላለሁ ብዬ አይደለም። ፈርቼ ነው።

ዕቃው ሲመጣ እንደኔ ያለ ሰው ላስቲክ አልብሶት እንዳይሆን ጠረጠርኩ። ሌባ ሌባን ያውቃል። አንድ ወርቅ ሠሪ ጎረቤት ሚዛኑን አዋሰን፣ ስድስቱንም መዘንናቸው። አምስቱ እኩል ሆኑ፤ አንዱ ቀለለ። የቀለለውን መለስነው። ከአምስቱ በፋብሪካው ወረቀት ላይ ካለው ጽሑፍ ጋር ፊደል በፊደል የገጠሙ፣ ባንድ ቀን የተሠሩ፣ ልኬታቸው እኩል የሆነ ሁለት መረጥን። ላስቲካቸውን በማጉያ መነጽር አየነው። ሁለቱ ተጋቡ ማለት ነው፤ አንድ ላይ ይሞላሉ፣ አንድ ላይ ይሠራሉ፣ አንዱ ሲሞት ሌላውም አብሮ ይወጣል። ሰው አጠገባቸው ሳይኖር ቻርጅ ላይ አይቀመጡም። ከሣጥኑ ሲወጡ ኪስ ውስጥ ሳይሆን፣ እታገኝ በሰጠችን የፕላስቲክ ሳሙና መያዣ ውስጥ ነው የሚቀመጡት።

ድንጋዮቹን ከነሳሙና መያዣው ገፋሁለት። «ይህን ስሰጥህ ፈቀድኩልህ ማለት አይደለም» አልኩት።

«ምን ማለት ነው ታዲያ?»

ሰባኪ ነኝ፣ ቃል አጥቼ አላውቅም። የመያዣውን ክዳን ከፍቼ መልሼ ዘጋሁት።

«አትቃጠልብኝ ማለት ነው» አልኩት።

ወደ አኖ የተመለስኩት እጄ ከዳነ በኋላ ነው። ኦቦ ጉተማና ዱጋሳ ባሉበት ኪሴ ውስጥ የነበረው የልጄ ቬፕ ድንጋይ እንደሆነ፣ የሸጥኩትም እኔ ራሴ እንደሆንኩ ተናገርኩ። ለተቃጠለው ጭድ ይቅርታ ጠየቅሁ። ጉተማ እስክጨርስ በትዕግሥት አዳመጠኝ።

«ኦቦ አሰፋ፣ እኛም እኮ ሞባይል አለን። ክብ የሞባይል ባትሪ አይተን አናውቅም» አለኝ። «ሽማግሌ ሲወድቅ ሰው ዘወር ይላል እንጂ አያፈጥም ብለን ነው።»

ስለዚህ ውሸቴን ያመነ አልነበረም። በትሕትና ይዘውልኝ ነበር።

አባቶች ሆይ፣ ለእናንተ ልናገር። ልጅን መቆጣጠር ከዕቃው ድንጋይ ማውጣት እየመሰለን ስንት ነገር አበላሽተናል። ዕቃው ይቆማል፣ እውነት ነው። ግን ያወጣነው ነገር የትም አይሄድም፤ እኛው ጋ ሆኖ ይሞቃል። ሌላም አለ። ሌላውን ለመገሠጽ ከመነሣታችሁ በፊት መሳቢያችሁን ክፈቱ። የእኔ መሳቢያ በሰማያዊ ላስቲክ የተሞላ ነበር፤ አሁን የለም። ያረጀ ድንጋይ አሁንም እሸጣለሁ። ግን ቁጥር በሌለው ላስቲክ አልብሼ፣ የለካሁትን በእስክሪብቶ እጽፍበታለሁ፣ ለእጅ ባትሪ ብቻ መሆኑንም እናገራለሁ። ደንበኞቼ ቁጥሩን ያያሉ፣ ከንፈራቸውን ይመጥጣሉ፤ «ያንተ ትንሽ ነው» ብለው ትልቅ ቁጥር ወዳለው ጎረቤቴ ይሄዳሉ። እውነት መናገር ከጀመርኩ ወዲህ ሱቄ ጸጥ ብላለች።

ይርጋ ቬፑን እስካሁን አልተወም። ከኩሽናው ጀርባ ሆኖ ያጨሳል፤ እኔም ወደዚያ ስሄድ አስቀድሞ እንዲሰማኝ እስላለሁ። ወደ ሲጋራው ግን አልተመለሰም። አንድ ቀን ይችንም ይተዋል ወይ ብትሉኝ አላውቅም። የማውቀው ይህን ነው። ቅዳሜ ቅዳሜ ሁለቱን ድንጋዮች ይዞ ሱቄ ይመጣል፤ ማንም ሳያዘው ጠረጴዛዬ ላይ ያስቀምጣቸዋል። እኔ እለካለሁ። ስለካ እሱ ሳምንቱ እንዴት እንደነበር ይነግረኛል፤ ስንት ቀን እንደከበደው፣ የትኛው ቀን እንደቀለለው። ሳልጠይቀው ነው የሚነግረኝ። ለክቼ ከጨረስኩ በኋላም መጨረሴን አላስታውቅም፤ ወሬው እንዳይቋረጥ ገና እየለካሁ እመስላለሁ።